«ጃቫ ነው፣ የትም ይሠራል»

ሰን ማይክሮሲስተምስ ጃቫን በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርግ «አንዴ ጻፍ፣ የትም አሂድ» የሚል መፈክር ይዞ ነበር። ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩ ሰዎች ዛሬም ይደግሙታል፤ ተማሪውም አምኖ ሥራ ይጀምራል። ይህ እምነት መዝገብ ሲያጠፋ አይቻለሁ።

እርግጥ ነው፣ መሠረት የለውም አይባልም። በሲ ቋንቋ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊነክስ ላይ 8 ባይት ሲሆን፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው። በጃቫ ግን የትም 8 ነው፤ የቋንቋው ደንብ ቆርጦ አስቀምጦታል። ስለዚህ የቁጥር ስሌት ማሽን በተቀየረ ቁጥር አይናጋም።

ነገር ግን ፕሮግራም ስሌት ብቻ አይደለም፤ ፋይል ይከፍታል፣ ስም ይመዘግባል። ጽሑፍ በምን ሠንጠረዥ ወደ ባይት እንደሚለወጥ ፕሮግራመሩ ካልነገረው፣ ጃቫ ለብዙ ዓመታት ምርጫውን ለኮምፒውተሩ ይተው ነበር። ሊነክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ነው። በእንግሊዝኛ የተዋቀረ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 1252 የሚባለው፣ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀና አንድም የግዕዝ ፊደል የሌለበት ሠንጠረዥ ነው።

ሊነክስ ላይ ተጽፎ፣ እዚያው ተሞክሮ እንከን ያልተገኘበት የደንበኞች መመዝገቢያ ዊንዶውስ ወደሚጠቀም ቢሮ ተወሰደ። ጸሐፊዋ «ከበደ» ብላ ትጽፋለች፤ ስክሪኑም «ከበደ» ያሳያታል። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ግን ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። «ተስፋዬ» አራት ይሆናል። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ማስጠንቀቂያም አላሳየም፤ ጃቫ ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ፊደል ሲገጥመው ዝም ብሎ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ከበደ»፣ «አበበ» እና «ሰላም» ከዚያ ወዲያ ማንም የማይለያቸው አንድ ስም ሆኑ።

«ፎንት ጫኑበት፣ ይመለሳል» ተባለ። አይመለስም! ፎንት ያለውን ፊደል ያሳያል እንጂ የጠፋውን አያመጣም። የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ባይቶቹ ሳይነኩ በስተኋላ ስላሉ በትክክለኛው ሠንጠረዥ ሲከፈቱ አማርኛው ይወጣል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ግን የቀረው የፊደላቱ ብዛት ብቻ ነው።

የሚያናድዱኝ ፕሮግራማቸውን በእንግሊዝኛ ስም ብቻ ሞክረው ለአማርኛ ተጠቃሚ «የትም ይሠራል» እያሉ የሚያስረክቡ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዝኛ ፊደላት በሁለቱም ሠንጠረዦች አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው፤ በእነሱ መሞከር ይህን ጉድለት መቼም አያጋልጥም። ፋይል ሲከፈት ዩቲኤፍ-8 ብሎ በግልጽ መጻፍ ምን ያህል ድካም ነው? ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ አንድ የአማርኛ ስም መዝግቦ፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ እንደገና ከፍቶ ማየትስ?

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8ን በሁሉም ቦታ ነባሪ አድርጎታል። ጥሩ ነው፤ ሆኖም ጃቫ 8 እና 11 ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። አዲሱ ነባሪ ሁሉን ይፈታል ለማለትም አልደፍርም፤ በአሮጌው ሠንጠረዥ የተቀመጠ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ በአዲሱ ሲከፈት አክሰንት ያላቸው ፊደላቱ ይበላሻሉ።

«ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን ካገኘው ሊነክስ ላይም ያገኘዋል» የሚሉም አሉ። ይህም አያስተማምንም፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በአብዛኛው አይለይም፤ ሊነክስ ይለያል።

«ኮዱን መስመር በመስመር ወደ ሌላ ቋንቋ ብትገለብጠው መልሱ ያው ነው» የሚለውም ስህተት ነው። -7ን ለ2 በሙሉ ቁጥር ሲያካፍሉ ጃቫ -3 ይላል፣ ፓይተን -4። «ሰላም» ስንት ነው ብለው ርዝመቱን ቢጠይቁ ጃቫና ፓይተን 3 ይመልሳሉ፤ ጎ ግን የሚቆጥረው ባይት ስለሆነና በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 9 ይላል። በጃቫ «ስም ከ10 ፊደል አይብለጥ» የሚለው መስመር እንዳለ ወደ ጎ ከተገለበጠ «ተስፋዬ» 12 ሆኖ ይመለሳል፤ ባለቤቱም አይመዘገብም።