ሕንፃ ሲፈርስ ማኅደሩ ይናገራል

የጥምቀት በዓል በደረሰ ቁጥር የብዙ ምእመናን ልብ ወደ ጎንደር ይጓዛል። በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው ጥምቀተ ባሕር፣ ግንቡና ጥንታውያኑ አድባራት የበዓሉ ግርማ ናቸው። ይሁን እንጂ ይኸው የጥር ወር ለጎንደር አሳዛኝ ትዝታም አለው፤ የትዝታውም መነሻ የቆላዋ የድንበር ከተማ መተማ ናት።

በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር ከመተማ የተነሣው የማህዲስቶች ወይም የደርቡሽ ጦር ወደ ደምቢያ ዘልቆ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሳር ውኃ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ጎንደርን ያዘ። ከተማዋ ተበዘበዘች፤ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትም ነደዱ። ከእሳት ከተረፉት ጥቂቶች መካከል ደብረ ብርሃን ሥላሴ አንዷ ስትሆን፣ ወራሪውን ያባረረው የንብ መንጋ እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። በተከታዩ ዓመት፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ተዋግተው ወደቁ፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች።

በዚያ ቃጠሎ ከጠፉት ሕንፃዎች አንዱ የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናት። ስለዚህም የቆላዋ ልጅ ያቆመችውን ደብር በቆላው በር የገባ ጦር አቃጠለው ማለት ነው። ዛሬ በስፍራው የሚታዩት የቤተ መንግሥቷ ፍርስራሽና ኋላ እንደ ገና የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የቀድሞው ሕንፃ ምን ያህል ያማረ እንደ ነበር የምናውቀው ግን በአብዛኛው ከመጽሐፍ ነው፤ የልጇ የዳግማዊ ኢያሱ ዜና መዋዕል የሥራውን ሂደትና ጌጡን መዝግቦ አቆይቶልናል። ድንጋዩ ቢፈርስም ብራናው ተናገረ።

በዘመናችን ይህንን የዜና መዋዕል ተግባር የሚፈጽመው የሥነ ሕንፃ ድርጅቶች ማኅደር ነው። ለዚህ በአገራችን ጎልቶ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ተወልዶ፣ በ1940 ወደ አስመራ መጣ፤ በዚያም የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ከፍቶ መሥራት ጀመረ። በኋላም ሥራው ወደ አዲስ አበባ ሰፍቶ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የአፍሪካ አዳራሽን ነደፈ። ሕንፃው ከንድፍ እስከ ፍጻሜ በ18 ወራት ውስጥ ተጠናቆ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ቀለም መስተዋት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥራዎቹም የሚታወቀው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የጥበብ ውጤት ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የሜዜዲሚ ሥራ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አርክቴክቱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. አረፈ። ንድፎቹና ፎቶግራፎቹ ግን አብረውት አልተቀበሩም፤ ቤተሰቡ በኢጣሊያ ጠብቆ አቆይቷቸዋል። ድርጅቱ በኢትዮጵያ ሥራውን ካቆመ ከአሠርት ዓመታት በኋላም ታሪኩ የሚጠናው በዚህ ማኅደር አማካይነት ነው።

ለመሆኑ የአንድ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ማኅደር ምን ይዟል? የቦታውን ልኬት፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ንድፍ ያሉትን ወረቀቶች፣ የመሠረቱን ጥልቀትና የብረቱን ውፍረት የሚያሳየውን ስሌት፣ የዋጋ ዝርዝሩን፣ ከአሠሪውና ከተቋራጩ ጋር የተደረገውን ውልና ደብዳቤ፣ በግንባታው ጊዜ የተነሡትን ፎቶግራፎች ያካትታል። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሥራው ካለቀ በኋላ የሚዘጋጀው ንድፍ ነው፤ የታሰበውን ሳይሆን በእርግጥ የተሠራውን ያሳያልና። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወይም ጣሪያ ሲያፈስ ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ መሠረቱን ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በስቶ ለማወቅ ይገደዳል፤ ይህም ወጪ ነው፣ አደጋም አለው።

የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። በእድሳቱ የቀድሞው መልክ እንዲጠበቅ፣ የአፈወርቅ መስተዋትም እንዲጠገን ተደርጓል። የቀድሞውን መልክ መጠበቅ የሚቻለው ግን የቀድሞው መልክ ሲታወቅ ነው፤ መዝገብ ያልተረፈለት ሕንፃ እድሳቱ ግምት ይሆናል።

ይህ ነገር ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ምን ይነግራል? በመተማ፣ በቋራና በገንዳ ውኃ አካባቢ ከደጋ ወርዶ የሰፈረው ሕዝብ አብያተ ክርስቲያናትን ሠርቷል፤ በመሥራትም ላይ ነው። የቆላው መሬት በብዙ ቦታ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የሕንፃንም መሠረት ያናጋል። ምስጡ ደግሞ እንጨቱንም ወረቀቱንም አይምርም። ስለዚህ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የሲሚንቶው መጠን፣ የአናጢውና የግንበኛው ስም፣ ምእመኑ ያዋጣው ገንዘብ ሁሉ ተጽፎ ካልተቀመጠ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ትውልድ በአባቶቹ ሥራ ላይ እንደ እንግዳ ይቆማል።

ልማዱ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። አባቶች የደብሩን ርስትና የተሰጠውን ንዋየ ቅድሳት በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉ ነበር። የልማዱ ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ መጽሐፉና ደብሩ በአንድ ቦታ ስለሚኖሩ አንድ እሳት ሁለቱንም ይወስዳል። መፍትሔውም ግልባጭን በሌላ ስፍራ ማኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም ቀድቷል፤ ቅጂዎቹም በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጡ ሆኗል።

አንድ ሰበካ ጉባኤም በአቅሙ ይህን ማድረግ ይችላል። የሕንፃውን ንድፍና ውል አንዱን ቅጂ በዕቃ ቤት፣ ሁለተኛውን በሀገረ ስብከቱ፣ ሦስተኛውን ንድፉን ባወጣው ባለሙያ ዘንድ ቢያኖር፣ ወጪው ከአንድ ቆርቆሮ ዋጋ እምብዛም አይበልጥም። በየቤቱ ያሉ የምረቃ በዓል ፎቶግራፎችም ቀንና ስም ተጽፎባቸው ከዚሁ መዝገብ ጋር ሊቀመጡ ይገባል።

የቁስቋምን ክብር ለእኛ ያደረሰው አንድ ጸሐፊ ብዕሩን ማንሣቱ ነው። በቆላው የሚሠሩት አድባራትም እንዲሁ ጸሐፊ ይሻሉ። መልካም የጥምቀት በዓል ይሁንልን።