ሰንጢ ለወዳጅ ስለ መስጠት



መስከረም በጠባ ቁጥር በአዲስ አበባ መናኸሪያዎች ከሚታየው ግርግር አንዱ፣ ለመስቀል ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔና ወደ ሺንሺቾ የሚገባው ሰው ጉዞ ነው። ተጓዡ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን፣ ነጋዴ ቢሆን ወይም ተማሪ፣ ባዶ እጁን አይገባም። ዓመቱን ሙሉ ከቆጠበው ገንዘብ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለታናናሾቹ ደብተርና ጫማ ይገዛል። ከዚህ በኋላ ግን ለወንድሙ፣ ለአጎቱ፣ ለአማቹና ለልጅነት ጓደኛው ምን ይዞ እንደሚገባ ይጨነቃል። ዕቃው ለሸክም የማይከብድ፣ ዋጋው ከደመወዙ የማያልፍ፣ ደግሞም በበዓሉ ማግሥት ተረስቶ የማይጣል እንዲሆን ይፈልጋል። ለዚህ ጭንቀት መልስ ከሚሆኑት ስጦታዎች አንዱ በኪስ የሚያዘው ትንሽ ሰንጢ ነው። ዛሬ እርስዎን ላነጋግርዎ የወደድሁትም ስለዚሁ ስጦታ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን ከመሰሎቹ እንለይ። ቢላዋ በማድ ቤትና በገበታ የሚያገለግል ነው። ካራ ብዙውን ጊዜ ከቢላዋ ከፍ ያለው፣ ለዕርድና ብልት ለማውጣት የሚሆነው ነው። ጩቤ ግን ጫፉ የሾለ፣ ለመውጋት ተብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ከጦር መሣሪያ ይቆጠራል። ሰንጢ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ስለቱ ወደ እጀታው ታጥፎ የሚገባ በመሆኑ ነው፤ እጀታው ራሱ አፎቱ ነው። ስለዚህ ሰንጢ ከሥራ በኋላ ስለቱን የሚሰውር፣ ሲፈለግ ብቻ የሚገለጥ ጨዋ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። በቢሮ ፖስታ ይከፍታል፣ እርሳስ ይቀርጻል፤ በመንገድ ገመድ ይቆርጣል፣ ብርቱካን ይልጣል። የብራና ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን በትንሽ ስለት እየቀረጸ፣ የተሳሳተውንም ፊደል በስለት እየፋቀ ጽሕፈቱን ሲያቃና መኖሩን ስናስብ፣ የጽሕፈት ሰውና ትንሽ ስለት ዱሮም የተዛመዱ መሆናቸውን እንረዳለን።

አሁን ወደ ስፍራው እንምጣ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሐዲያ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ ይህ ስም ዛሬ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ላይ ይጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ስለ ሆነች፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩባት ከተማ ሆናለች። ጎረቤቷ ከምባታ ሐምበሪቾ ተራራን ተንተርሳ የተቀመጠችው ዱራሜ ዋና ከተማው ናት። በዚህ አገር የመስከረም በዓል ከሁሉ በዓል ይበልጣል፤ ሐዲያው ያሆዴ፣ ከምባታው መሳላ ይለዋል። ሴቶች አስቀድመው ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶች ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ይገዛሉ። በሐዲያ ይህ የሥጋ ማኅበር ቱታ ይባላል። ሰንጋው ከታረደ በኋላ ሥጋው በቅርጫ ሲከፋፈልና በየቤቱ ሲቀርብ፣ ስለት የሌለበት እጅ አይኖርም። «ሥጋ የሰጠ ቢላ አይነሳም» የተባለው ምሳሌ እውነትነቱ የሚታየው በዚህ ቀን ነው። በዚህ ሰሞን ለወንድምዎ ሰንጢ ይዘው ቢገቡ፣ በማኅበሩ መካከል የራሱን ድርሻ በራሱ ስለት የሚቆርስ ሰው አደረጉት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «ስለት መስጠት ወዳጅነትን ይቆርጣል» ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ቢላዋ የተሰጠው ሰው ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ይመልሳል፤ በዚህም ዕቃው የተሸጠ እንጂ የተሰጠ አይደለም ተብሎ ወዳጅነቱ ከመቆረጥ ይድናል ይባላል። ነገሩን በማስተዋል ለተመለከተው ሰው ግን ስለት የሚሰጠው ለሚታመን ሰው ብቻ ነው። ለጠላቱ የተሳለ ብረት የሚያቀብል ማን ነው? እንግዲህ ሰንጢ መስጠት «አምንሃለሁ» ብሎ መናገር ነው። ወዳጅነትን የሚቆርጠው ብረቱ ሳይሆን፣ ያለ ማስተዋል የተሰጠ ስጦታ ነው።

ማስተዋል የሚገባው በመጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ ነው። ለትንሽ ልጅ ሰንጢ ሰጥቶ ዞር ማለት ስጦታ አይደለም። ልጁ ለዐቅመ ማስተዋል ሲደርስ በአባቱ ወይም በታላቅ ወንድሙ እጅ ቢሰጠው፣ ወደ ራሱ አቅጣጫ እንዳይቆርጥ፣ ከፍቶ እንዳይሮጥ፣ ለቀልድ ብሎ በሰው ላይ እንዳያወጣ ተነግሮት ቢቀበለው ግን ከሰንጢው ጋር ኃላፊነትን ይማራል። በንዴቱ ለሚታወቅ ወይም መጠጥ ለሚያሸንፈው ሰው ከሰንጢ ይልቅ ጋቢ ይሻለዋል። በበዓልም ቀን ቢሆን ሥጋው ተነሥቶ መጠጡ ሲቀርብ ሰንጢ ሁሉ ታጥፎ ወደ ኪስ ይግባ፤ በአንድ አፍታ ቁጣ የሚመጣውን ጥፋት የዓመት ጸጸት አይመልሰውም።

ሁለተኛው ማስተዋል ለሴቶች ነው። ስለት ሲባል ወንዶችን ብቻ ማሰብ ልማዳችን ነው። ነገር ግን በሐዲያና በከምባታ ቤት ከማንም ይልቅ በስለት የምትሠራው እናት ናት። የእንሰት ሥራ የእርስዋ ነው። ቅጠል ዘንጉን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቃለች፤ በጉድጓድ ከርሞ የበሰለውን ቆጮ ከመጋገርዋ በፊት ቃጫው እስኪያጥር ድረስ በቢላዋ ደጋግማ ትከትፈዋለች። ለዚህ ሥራ ታጣፊው ሰንጢ አይበቃም፤ ሰፊ ስለትና ለእጅ የሚመች እጀታ ያለው ቢላዋ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለወንድምዎ ሰንጢ ሲገዙ ለእናትዎ፣ ለእኅትዎና ለባለቤትዎ ለሥራቸው የሚስማማውን ቢላዋ አይርሱ። ነጠላው የበዓል ነው፤ ቢላዋው ግን የዓመቱ ሙሉ ረዳት ነው።

ሦስተኛው ማስተዋል የዕቃው ምርጫ ነው። ሰንጢ ሲገዙ በብልጭልጩ አይታለሉ። ከፍተው ስለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሞክሩት፤ ቢላወስ አይግዙት። ሞላው ጠንካራ ከሆነ ስለቱ ሲከፈትም ሲታጠፍም በኃይል ይያዛል እንጂ እንደ በር አይወዛወዝም። መቆለፊያ ያለው ከሆነ በሥራ መካከል በጣት ላይ እንዳይታጠፍ ይረዳል። የማይዝግ ብረት እርጥበት ለበዛበት ደጋ አገር ይስማማል። ይህ ብረት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተገኘ ወዲህ የቢላዋ ሥራን ለውጦታል። ተራው ዐረብ ብረት ደግሞ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን ካልተወለወለና ዘይት ካልተቀባ ይዝጋል።

ከሰጡም በኋላ አሳሳሉን ያሳዩ። ደነዝ ስለት ከስለታሙ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት ያመልጣልና። በመሳያው ድንጋይ ላይ ስለቱ የሚያዝበት ማዕዘን 20 ዲግሪ ያህል ነው። ይህንንም ያለ መለኪያ ለማወቅ የወረቀት ማዕዘን ይበቃል፤ 90 ዲግሪ የሆነው ማዕዘን አንድ ጊዜ ቢታጠፍ 45፣ ዳግመኛ ቢታጠፍ 22 ተኩል ይሆናል። ሰንጢውን ሲያቀብሉም አጥፈው ይስጡ፤ የማይታጠፍ ከሆነ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ያድርጉ። ከውጭ አገር ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ደግሞ በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ ስለት መያዝ ብዙውን ጊዜ የተከለከለ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልሎ ካላስቀመጠው ስጦታው በፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል።

ይህን ያህል ስለ አሰጣጡ ካልን፣ ሰንጢው ከማን እጅ እንደ ወጣ ማሰብም ይገባል። በዓለም የታወቀው የስዊስ ሰንጢ ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ሰንጢ ባስፈለገው ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ የተሠራው በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ነበር፤ በአገሩ ያን ያህል የሚሠራ አልተገኘምና። ካርል ኤልዝነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ በ1884 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢባኽ መንደር ሥራ ቤት ከፍቶ ነበርና፣ በ1891 ለጦሩ የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ የመኮንን ሰንጢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት በሕግ አስመዘገበ። በዚያ ዘመን የእርሱ አገር ድኻ ነበር፤ ወጣቱም ሥራ አጥቶ ይሰደድ ነበር። የኤልዝነር ሐሳብ በመንደሩ ሥራ ፈጥሮ ሰውን ከስደት ማስቀረት ነበር። ከዚያ መንደር የወጣው ሰንጢ በኋላ የመሪዎች ስጦታ እስከ መሆን ደረሰ፤ ከ1963 እስከ 1969 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሊንደን ጆንሰን ስማቸው የተቀረጸበትን የስዊስ ሰንጢ ለእንግዶቻቸው ይሰጡ ነበር።

ይህን ስንሰማ ሆሳዕናንና አካባቢዋን ማሰብ ግድ ይሆናል። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል፤ በመንገድ የቀሩም አሉ። በአገር ቤት ግን ወናፍ እየነፋ፣ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ በፍም አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ውሃ አጠጥቶ ቢላዋና ማጭድ የሚያወጣ ባለሙያ አለ። የዚህ ሰው እጅ ያልነካው የመስቀል ገበታ ጥቂት ነው። እርሱ ግን ዘመናት ሙሉ ከገበታው ተገልሎ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በጋብቻም በማዕድም ሲለዩ ኖረዋል፤ ልማዱም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ዐዋጅ ግን ከወረቀት ወደ ገበታ የሚወርደው በሰው እጅ ነው። ሥጋ የሰጠ ቢላ አይነሳም ካልን፣ ቢላውን ለሠራው ሰው ሥጋውን መንሳት እንዴት ይገባናል?

ስለዚህ፣ የተከበሩ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው መስቀል ወደ አገርዎ ሲገቡ ሰንጢውን ከአዲስ አበባ ሱቅ ቢገዙም ነውር የለበትም። ለእናትዎ የሚሆነውን ሰፊ ቢላዋ ግን ከአገርዎ ቀጥቃጭ ይግዙ፤ ዋጋውን ሳይከራከሩ፣ ስሙን ጠይቀው፣ በስሙ ጠርተው ይክፈሉት። የወንድምዎ ሰንጢ ሲደንዝም ወደ እርሱ ይዘውት እንዲሄድ ወንድምዎን ያስተዋውቁት። የቅርጫው ሥጋ ሲቀርብም ለእርሱ በማዕዱ ላይ ስፍራ ይኑረው። እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎትና፣ በመንደርዎ ሰዎች ዘንድ ይደመጣሉ፤ እርስዎ አብረውት የበሉትን ሰው ሌላው ሊንቀው ያፍራል።

እንዲህ ከሆነ አንድ ሰንጢ ብዙ ሰው ይደርሳል። የተቀበለው ወንድም እንደ ታመነ ያውቃል፤ እናት ሥራዋ እንደ ታየላት ትረዳለች፤ ቀጥቃጩም በሠራው ቢላዋ የተቆረሰውን ከሰው ጋር ተቀምጦ ይቀምሳል።