ጀነሬተሩን በረንዳ ላይ አታስነሱት

በ2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ዛሬም መብራት ሲጠፋ፣ እንደ ተክለ ሃይማኖት ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቀበት ሰፈር፣ ጀነሬተሩን ከዝናብም ከሌባም ለማዳን በረንዳ ላይ የሚያስነሳ አለ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በከሰል የምንፈራው ያው መርዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ልጆች እንደተኙ በበር ስንጥቅ ይገባል። መስኮት መክፈት አያድንም። ከበርና ከመስኮት፣ ከጎረቤትም ጭምር፣ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ግቢው ካልበቃስ? እውነቱን ለመናገር በባትሪ ማምሸት ይሻላል። ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ላይ ከያዘ በምሳው አታሳብቡ፤ መጀመሪያ ሁሉም ደጅ ይውጣ፣ ከዚያ 907 ወይም 939 ደውሉ።