የቡችላ ቁንጫን ያለ መርዝ እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ የደጋ ቀበሌዎች ውሻ ቤት ጠባቂና የእረኛ ጓደኛ ነው። ውሻዋ ስትወልድ ቡችሎቹ ብርድ እንዳይጎዳቸው ከምድጃው አጠገብ ወይም ከመደቡ ሥር ይተኛሉ፤ ልጆችም ታቅፈዋቸው ይውላሉ። ብዙም ሳይቆይ ቁንጫ ይበዛል። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ለፍየልና ለበግ የተገዛውን መድኃኒት ወይም ላምባ ያነሣል። ይህ ለቡችላውም ለልጆችም አደገኛ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዘዴ ብዙ ወጪና ብዙ ውሃ አይጠይቅም።

ቁንጫ ምን ጉዳት ያመጣል?

በቡችላ ላይ፦ አንድ ኪሎ የሚመዝን ቡችላ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ብዙ ቁንጫ የወረረው ቡችላ በደም ማነስ ሊሞት ይችላል። ድዱ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ከነጣ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘና መጥባት ካቆመ ሁኔታው አስቸኳይ ነው።

በሰው ላይ፦
- ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ በቡድን የሚወጣ፣ በጣም የሚያሳክክ ቀይ ነጥብ ነው። ልጆች ሲያኩት ይቆስላል፣ ይመግላል።
- ቁንጫ የታይፈስ ዓይነት ሊያስተላልፍ ይችላል። ግርሻና በክረምት የሚታወቀው ታይፈስ የሚተላለፉት በሰውነት ቅማል ነው፤ የቁንጫው ታይፈስ ከእነዚህ የተለየ ነው።
- ሕፃን ልጅ ከቡችላ ጋር ሲጫወት ቁንጫ ከዋጠ የውሻ ኮሶ ሊይዘው ይችላል። ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ብቻ ነው ብለው አያስቡ። በልጁ ሰገራ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በኪኒን ይድናል፤ የኮሶ መጠጥ ግን ለልጅ አይስጡ።

የማይደረጉ ነገሮች

- ዳያዚኖንና ማላታይን፦ እነዚህ በቆዳ በኩልም ወደ ሰውነት የሚገቡ የነርቭ መርዞች ናቸው። ቡችላው ራሱን ሲልስ ይመረዛል፤ ያቀፈው ልጅ ደግሞ በእጁና በአፉ ይወስደዋል። ዲዲቲም በቤት ውስጥ ለዚህ አገልግሎት መዋል የለበትም።
- አይቨርሜክቲን፦ ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የሚወጋው የተለመደው መድኃኒት 1 ሚሊ ሊትሩ 50 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ የተመጠነ ነው። ቡችላ የሚመዝነው 1 ወይም 2 ኪሎ ነው። በግምት መስጠት ሊገድለው ይችላል፤ ቁንጫንም በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም።
- ላምባና የትምባሆ ውሃ፦ ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲላስ ወደ ሳንባ ይገባል። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲንም መርዝ ነው።
- ፍሊት፦ በቡችላ ገላ ላይ ወይም በሚተኛበት ቦታ አይርጩ።

ንብ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ እነዚህ ኬሚካሎች ንብንም ይገድላሉ።

ቡችላውን ማጽዳት፦ ደረጃ በደረጃ

1. መጀመሪያ ቁንጫ መሆኑን ያረጋግጡ። ጸጉሩን ሲያበጥሩ የሚወርደውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ያድርጉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የመጣው ከተመጠጠው ደም ነው።
2. ጥርሱ የተቀራረበ የቅማል ማበጠሪያ ያዘጋጁ። በአንድ ጣሳ ውሃ ውስጥ ሳሙና ይበጥብጡ። ከአንገት ጀምረው ወደ ጅራት ያበጥሩ፤ የተያዘውን ቁንጫ ወዲያውኑ የሳሙናው ውሃ ውስጥ ይንከሩት። በጥፍርዎ አይጨፍልቁት።
3. ዕድሜው ከአራት ሳምንት በታች ከሆነ አይጠቡት። እንዲህ ያለ ቡችላ የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አይችልም፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ማበጠርና ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ወዲያው ያድርቁት።
4. ከአራት ሳምንት በላይ ከሆነ ፀሐይ በወጣበት ሰዓት፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት። ቁንጫ ወደ ራሱ እንዳይሸሽ መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በሳሙና አረፋ ይክበቡት። ዓይኑና አፉ ውስጥ ሳሙና እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ከአምስት ደቂቃ ሳያልፉ አለቅልቀው በደረቅ ጨርቅ በደንብ ያድርቁት።
5. እናቲቱንም በዚያው ቀን ያጽዱ። እሷ ከቀረች ቁንጫው በማግስቱ ተመልሶ ቡችሎቹ ላይ ይወጣል።
6. የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለትና ሦስት ቀኑ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያበጥሩ።

ለውሻ ቁንጫ የተሠሩ አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚፈቀዱት ከ7 ወይም 8 ሳምንት ዕድሜ በኋላ ነው። ለእናቲቱም ሆነ ለቡችላው መድኃኒት ከፈለጉ የወረዳዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ክብደቱንና ዕድሜውን ይንገሩ።

ቤቱን ካላጸዱ ድካሙ ከንቱ ነው

ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ጥቂቱ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ትሉ በአፈር ወለል ስንጥቅ፣ በገለባና በአቧራ ውስጥ ያድጋል። ከዚያም ራሱን ሸፍኖ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስድስት ሳምንት ያልነውም ለዚህ ነው።

- ቡችሎቹ የተኙበትን ገለባ ያቃጥሉ፤ ጨርቁን በፈላ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ። በየሳምንቱ ይድገሙት።
- ቁርበት፣ አጎዛና ጋቢን ውጭ አውጥተው ያራግፉ፣ ፀሐይ ያስመቱ።
- ወለሉን፣ በተለይ የመደቡን ሥርና ጥጋጥጉን በየቀኑ ይጥረጉ፤ ጥራጊውን ያቃጥሉ።
- የወለሉንና የመደቡን ስንጥቅ በጭቃ ይድፈኑ፤ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ።
- ቡችሎቹን ሰው ከሚተኛበት ለይተው፣ ነፋስ የማያገኘው ሞቃት ጥግ ያዘጋጁላቸው። ልጆች አብረዋቸው እንዳይተኙ ያድርጉ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

- ልጅ መርዝ ከነካው ወይም ከዋጠ፦ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ መቸገር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡ፤ በእጅዎ ጓንት ወይም ላስቲክ ያድርጉ። እንዲያስመልስ አያድርጉ፤ ወተትም አይስጡ። ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዘው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም በሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ፈጥነው ይውሰዱት። መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ሲደረስ ነው።
- ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ሽፍታ ከንክሻ በኋላ ከመጣ፦ ቤት ውስጥ ቁንጫ እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐኪሙ የሚያዝዘውን ምርመራና ሕክምና ይለውጠዋል።
- የታከከው ቦታ ካበጠ፣ ከመገለ ወይም ቅላቱ ከሰፋ፦ ሕክምና ያስፈልገዋል። እስከዚያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ የልጁን ጥፍር ይቁረጡ።
- ቡችላው ሲጸዳ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፦ ቡችላም የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ያድናል። ቡችላውም ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትቡት።