«እርስዎ»፣ «እናንተ» እና «ቲቸር»፤ ስለ መምህርና ተማሪ መጠራራት

አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ የአምቦ ወይም የጉደር ተማሪ፣ ወደ ክፍል የገባን አንድ እንግዳ መምህር በአማርኛ ሲቀበል «ተቀመጡ» ቢለው፣ መምህሩ ሌላ ሰው አብሮት የገባ መስሎት ወደ ኋላው ዞር ማለቱ አይቀርም። ተማሪው ቃሉ እንዳልተወደደለት አይቶ በማግሥቱ «ተቀመጥ» ቢል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ባለጌ ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ግን ልጁ በቋንቋው ካለው አክብሮት የመጨረሻውን ሰጥቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት የምንሞክረው፣ በመምህርና በተማሪ መካከል የሚደረገው መጠራራት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የሚደርስበትን እክልና ይህም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ የሚያስከትለውን ሥራ ነው።

በአፋን ኦሮሞ ለአንድ ሰው «አቲ»፣ ለብዙ ሰዎች «ኢሲን» ይባላል። በምዕራብ ሸዋና በአካባቢው፣ ሊከበር የሚገባው አንድ ሰውም «ኢሲን» ይባላል፤ በሩቅ ሲነሣም «ኢሳን» ነው። ግሱም እንደዚያው የብዙ ቁጥር ቅርጽ ይይዛል፤ «ታኢ» ለአንድ ሰው፣ «ታኣ» ለብዙዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል። (በሁሉም የኦሮሞ ቀበልኛ ይህ አሠራር እኩል እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል።) ከፈረንሳይኛው «ቩ» ጋር ያለው ተመሳሳይነት ግልጽ ነው። ብራውንና ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት እንዳሳዩት፣ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም የሥልጣንና የርቀት ምልክት ሆኖ ኖሯል።

አማርኛ በሌላ መንገድ ሄዷል። «እናንተ» ከ«እነ» እና ከ«አንተ» የተገጠመ በመሆኑ ብዛትን እንጂ ክብርን አያመለክትም። «እርስዎ» መሠረቱ «ርእስ» ነው፤ ከ«እርሱ» እና ከ«እርሷ» ጋር አንድ ቤተ ሰብ ሲሆን፣ በጥንተ ትርጉሙ «ራስዎ» እንደማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የሚያከብረውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንኳ በሩቅ እንዳለ አድርጎ ያናግረዋል ማለት ይቻላል፤ «ይቀመጡ» የሚለው ትእዛዝ ለ«እነሱ» እና ለ«እሳቸው» ከሚነገረው አይለይም። «እነሱ መጡ»፣ «እሳቸው መጡ»፣ «እርስዎ መጡ»፤ ግሱ ያው ነው። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ «አንቱ» ስለሚባል፣ የአክብሮቱ አነጋገር በጠቅላላው «አንቱታ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ ነው። ተቃራኒውን «አንተታ» ብንለው ለሥነ ልሳን ጽሑፍ የሚበቃ ጥንድ ስያሜ እናገኛለን፤ የውጭ ፊደል እየተዋሱ መጻፍም ይቀራል።

ግእዝ ይህ ልዩነት የለውም። ንጉሥም ባሪያም፣ ፈጣሪም ፍጡርም «አንተ» ይባላሉ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደቀ መዛሙርት መምህራቸውን «አንተ» ማለታቸው ከዚህ ልማድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ዘመናዊ ተርጓሚ ይህን ለመማሪያ ክፍል ምሳሌ ሊያደርገው አይገባም። ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የወረስነው መጠሪያ «የኔታ» ነው፤ «የእኔ ጌታ» ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ «የእሱ የኔታ» ብንል ማንም ስለማይስቅ፣ «የእኔ» የሚለው ክፍል በቃሉ ውስጥ እንደ ደረቀ እንረዳለን። የዕብራይስጡ «ረቢ» እና የፈረንሳይኛው «ሙሴ» የሄዱትም በዚሁ መንገድ ነው።

«መምህር» እና «አስተማሪ» በትርጉም ቢቀራረቡም በአጠራር አንድ አይደሉም። ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር!» ይላል፤ «አስተማሪ!» ግን አይልም። «መምህር» ከስም በፊትም እንደ ማዕርግ ይገባል፤ «አስተማሪ» አይገባም። መዝገበ ቃላት ሁለቱን እርስ በርስ ፍቺ አድርጎ ከሰጠና በዚያው ካቆመ፣ ቋንቋውን ከውጭ ለሚማር ሰው ዋናውን ነገር ደብቆበታል። አፋን ኦሮሞ «ባርሲሳ» ለወንድ፣ «ባርሲስቱ» ለሴት ሲል ጾታ ይለያል፤ አሠራሩም እንደ «አስተማሪ» ከአስደራጊ ግስ ነው። በተውላጠ ስሙ በኩል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ «አቲ» ወንድ ሴት አይለይም፣ አማርኛ ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይል አንድም ትእዛዝ ሊሰጥ አይችልም። የጾታው ስሕተት በሳቅ ይታለፋል። የአክብሮቱ ስሕተት ግን እንደ ጠባይ ጉድለት ተቆጥሮ ቅጣት ያስከትላል። ሁለቱም የሰዋስው ስሕተቶች ሆነው ሳለ የምንፈርድባቸው በተለያየ ሚዛን ነው።

ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ፣ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ተማሪዎች ሲገናኙ «አንቱ» የሚለው ጎጃሜ፣ «እርስዎ» የሚለው ሸዌና «ኢሲን» የሚለው የአካባቢው ልጅ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ የሕንድ መምህራን በየከተማው ነበሩ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጡ። «ቲቸር» የሚለው መጠሪያ ለዚህ ሁሉ ጉባኤ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝኛ ባለቤቶች መምህራቸውን በዚህ ቃል መጥራትን እንደ ሥርዓት አይቆጥሩትም፤ የእኛ ተማሪ ግን ቃሉን የወደደው «አንተ» ወይስ «እርስዎ» ከሚል ምርጫ ስለሚያሳርፈው ይመስለኛል። «ቲቸር፣ አልገባኝም» ብሎ ተውላጠ ስሙን ጨርሶ ይዘለዋል። መምህሩ ከተማሪው በሁለት ዓመት ብቻ ሲበልጥ ወይም ጭራሽ ሲያንስ ይህ መሸሻ ዋጋው ብዙ ነው። ቃሉን ለማገድ የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ አልተባበራቸውም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ «ጓድ» በዐዋጅና በመድረክ ተነግሮ ሳለ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ ማንም ያላዘዘው «ቲቸር» ግን ዛሬም አለ።

የዕድሜና የማዕርግ ግጭት በግልጽ የታየበት ጊዜ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ አባትና እናት የሚሆኑ ገበሬዎች ነበሩ። የክፍሉ ልማድ «መምህር ይከበር» ይላል፤ የመንደሩ ልማድ «ሽማግሌ ይከበር» ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአማርኛ ጨዋነት መፍትሔው ታውቋል፤ ወጣቱ «እርስዎ» ይላል፣ ሽማግሌው «አንተ» ይላል፣ ነገር ግን «መምህር» የሚለውን ማዕርግ ከፊት ያስቀድማል። «መምህር፣ እስቲ ድገመው» የሚለው አነጋገር ማዕርጉን በስሙ፣ ዕድሜውን በግሱ ያስከብራል። የዛሬው የማታ ተማሪም ብዙ ጊዜ ከመምህሩ በዕድሜ ይበልጣል። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የአምሳ ዓመት ተማሪን «አንተ፣ ተነሥ» ሲል ሰምቼ አፍሬያለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ ከዚያ የተሻልሁ አልነበርሁም።

የመማሪያ መጻሕፍት ሌላ ችግር አለባቸው። ትእዛዙን «መልስ/ሽ» እያሉ መጻፍ ዐይንን ያደክማል፤ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብም አይመችም። «መልሱ» ማለት ጾታውንም ክርክሩንም ይዘጋል፤ መምህር ለክፍሉ በሙሉ ሲናገር የሚጠቀምበትም ይኸው ነው። ለአዋቂዎች በሚዘጋጅ መጽሐፍ ግን «ይመልሱ» ይሻላል ባይ ነኝ።

ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ከፊቱ ያለው አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ስለሆነ ውሳኔው ሁሉ የእሱ ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ነበሩት፤ በአምቦ አካባቢ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እነ «ሐምሌት» እና «ኦቴሎ»ን ሲመልስ የገጠመው ጽሑፍ ልዩነቱን ገና ያልጣለ ነበር። የዛሬው ልብ ወለድ ያን እገዛ አይሰጥም። ተማሪና መምህር በታሪኩ መካከል ወዳጅ ቢሆኑ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚሻገሩበትን ገጽ ተርጓሚው ራሱ መርጦ መወሰን አለበት፤ ከወሰነም በኋላ በየምዕራፉ ማወላወል የለበትም። ማዕርግን ከአባት ስም ጋር ማያያዝም የውጭ ልማድ ነው። በአገራችን «ዶክተር» የሚቀድመው የራስን ስም ነው፤ ስለዚህ በባዕድ ገጸ ባሕርይ ስም ላይ የምናደርገውን ለኢትዮጵያዊው ገጸ ባሕርይ ልናደርግ አይገባም።

የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላትን በሚመለከት ጥያቄው አጭር ነው። «ኢሲን» በሚለው ቃል ሥር «እናንተ» ብቻ ከተጻፈ፣ ከላይ ያየነው ተማሪ መጽሐፉን ከፍቶ ስሕተቱን ትክክል ነው ብሎ ይዘጋዋል። መጻፍ ያለበት፦ «ኢሲን፤ 1. (ለብዙዎች) እናንተ። 2. (አክብሮት፣ ለአንድ ሰው) እርስዎ፣ በአንዳንድ ቀበልኛ አንቱ። ታኣ፤ 1. ተቀመጡ። 2. ይቀመጡ።»