እንዝርቱና የታመመው ሕፃን

በጓሳ ዙሪያ ባሉ የመንዝ አጥቢያዎች የበግ ጠጉር መፍተል ለእናቶች ገቢም የልብ ማረፊያም ነው፤ ባናውና ዝተቱ የሚወጣው ከዚያ ነው። ልጅ በታመመ ጊዜ ግን እንዝርት የያዘችው «ልጇን ትታ ትፈትላለች» ተብላ ትታማለች። ይህን ወቀሳ አንቀበልም። የሕፃን እስትንፋስ ስታዳምጥ ላደረች እናት ጥቂት ፈትል ዕረፍት ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ቦታው ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ምድር ነውና ሁሉም ምድጃ ዳር ይሰበሰባል። የቤት ውስጥ ጢስ ደግሞ በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የሳንባ ምች አደጋ ወደ እጥፍ ሊያደርሰው እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የጠጉሩ ብናኝም ሳል ያስነሣል። ስለዚህ ንደፋውም ፈትሉም ፀሐይ ባለበት ደጅ ቢሆን ይመረጣል።

እንዝርቱ የሚቀመጥበትን ሰዓት ማወቅም ይገባል። ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ አተነፋፈሱ ለአንድ ደቂቃ ይቆጠር (የስልክ ሰዓት ይበቃል)። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ካህናት አባቶች ጠበሉን ሲሰጡ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ቢያሳስቡ ቃላቸው ይሰማል። ሰበካ ጉባኤያትም እናቲቱ በጤና ጣቢያ ስትሰነብት ፈትሏን የምትጨርስላት ጎረቤት ቢያዘጋጁላት የገበያ ቀኗ አያልፍባትም።