የጎንደር መዝገብ ተበትኗል እንጂ አልጠፋም

ስለ አባቱ ርስት፣ ስለ ደብሩ ይዞታ ወይም ስለ አንድ የቆየ የመንግሥት ትእዛዝ ማስረጃ ፍለጋ ጎንደር ላይ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እሱማ ተቃጥሏል።» አንዱ ድርቡሽን ይከሳል፣ ሌላው ጣሊያንን፣ ሌላው ደርግን። መልሱ የሚሰጠው በቅንነት ነው። ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ስንቱን ሰው ፍለጋውን ሳይጀምር አስትቶታል። በእርግጥ የተቃጠለ አለ። የተረፈው ግን ብዙ ነው፤ ያለበትን ለማግኘት ስለ መንግሥት መዝገብ በልማድ የምንናገረውን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ተረት፦ የጎንደር መዝገብ ሁሉ ድርቡሽ ሲገባ ነደደ።

በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የሚባለው የሱዳን መሐዲስቶች ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ መሪነት ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህ እውነት ነው። የሚዘነጋው ግን ከከተማው መጻሕፍት እጅግ ብዙው ከዚያ 21 ዓመት አስቀድሞ መውጣቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሰበሰቡትን መጽሐፍ ወደ መቅደላ አጋዙት፤ እዚያ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍት ስብስብ ለማቋቋም አስበው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ያ ስብስብ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ወደ 350 የሚሆኑት የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ የወጣ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ የሰበሰበውና ያስገለበጠው ኦክስፎርድ ቦድሊያን ይገኛል። አንቷን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰበሰበው ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ሰንብቶ ሲመለስ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ሳይቀር ነቅሎ ወስዷል፤ መጻሕፍቱ እንደዚሁ ፓሪስ ናቸው። መዝገቡ በባዕድ አገር ተርፏል ማለት መወሰዱ ልክ ነበር ማለት አይደለም። ዘረፋው ዘረፋ ነው። ለፈላጊው የሚጠቅመው ግን «ነደደ» ከሚባለው ውስጥ የመጽሐፍ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ዝርዝሩ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ያለ መኖሩን ማወቁ ነው።

ተረት፦ የመንግሥት መዝገብ የሚገኘው በመንግሥት ቤት ነው።

የፋሲል ግቢን የጎበኘ ሁሉ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት ያያል። ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ይህን ቤትና የጽሕፈት ቤቱን ሕንፃ ማሠራታቸው የጎንደር መንግሥት ለጽሑፍ የሰጠውን ቦታ ያሳያል። ቤቱ ዛሬ ባዶ ነው። ጎብኚው ባዶውን ክፍል አይቶ መዝገቡም ባዶ የቀረ ይመስለዋል።

የጎንደር መንግሥት ግን እጅግ አስፈላጊ ውሉን የጻፈው በወንጌል ላይ ነው። ንጉሥ ጉልት ሲሰጥ፣ ደብር ሲተከል፣ ርስት ሲሸጥ ወይም ሲወረስ፣ ክርክር በዳኛ ሲቆረጥ፣ ቃሉ በደብሩ ወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍራል፤ ቦታ ሲጠብ በሕዳጉ ላይ ይጻፋል። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲተክሉ ለአገልጋዮቹ የተደለደለው መሬት በዚህ ዓይነት ተመዝግቧል። መጽሐፉን ማንም ደፍሮ አይፍቀውም፤ ውሉን የሚያፈርስ ደግሞ በጽሑፉ መጨረሻ ይገዘታል። በዚያ ዘመን ከዚህ የጠነከረ መዝገብ ቤት አልነበረም።

አንዱን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቀረብ ብሎ ላየ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ዘመኑን ነው፦ በዘመነ ማርቆስ ወይም በዘመነ ሉቃስ ይላል። ቀጥሎ በዚያ ጊዜ የደብሩ አለቃ፣ ሊቀ ካህናቱና ሹሞቹ እነማን እንደ ነበሩ ይዘረዘራል። ከዚያ ሻጭና ገዢ ይመጣሉ፤ ሴቶችም በስማቸው ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ ይገኛሉ። ዋጋው በወርቅ ወቄት፣ በአሞሌ ጨው ወይም ኋላ ላይ በማርያ ቴሬዛ ብር ይነገራል። ምስክሮቹና ዋሶቹ ይከተላሉ። ቋንቋው ግእዝ ብቻ አይደለም፤ ጭብጡ ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ያዘነብላል።

ችግሩ ዘመኑ ላይ ነው። ወንጌላውያኑ አራት ስለሆኑ «ዘመነ ማርቆስ» በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን የሚቆርጠው የአለቃውና የሹማምንቱ ስም ነው፤ እነዚያን ስሞች ከዜና መዋዕሉና ከሌሎች ውሎች ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ዶናልድ ክራሚ ከሹመት ሲሻኝና ከሌሎች የታሪክ ባለሙያዎች ጋር እነዚህን ጽሑፎች በፊልም አንስተው ያጠኑት በዚህ መንገድ ነው። ቅጂው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍም የቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ነገሥታቱ ራሳቸው መጽሐፍን እንደ መንግሥት ሰነድ ያዩት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነገሡበት በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው የጠየቁት የአገሩን ሕግና የሹማምንቱን ሥርዓት የያዘ ነው፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ አይታዘዘኝም ብለው ነው። መጽሐፉም ተመለሰ።

ተረት፦ ከንጉሡና ከደርግ ዘመን የቀረ ፋይል የለም፤ ቢሮ ሲቀያየር ተጥሏል።

የተጣለው ብዙ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የኢትዮጵያ መንግሥት ደብዳቤ ብቻውን ተጽፎ አያውቅም። በ1950ዎቹ ከዚህ አገር የወጣ ደብዳቤ በእጅዎ ቢገባ ራስጌው ላይ ቁጥሩና ቀኑ አሉ፤ ከሥር ጉዳዩ፣ ከዚያ ሐተታው፣ ከፊርማው ጋር የተዳበለ ሐምራዊ ማኅተም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዓይንዎን ወደ ግርጌው ያውርዱ፦ «ግልባጭ» ይላል፤ ሥሩም ደብዳቤው የደረሳቸው መሥሪያ ቤቶች ተዘርዝረዋል። ዳባት ላይ የተጻፈ የወገራ አውራጃ ደብዳቤ ጎንደር ላለው ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ አበባ ላለው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ግልባጭ ከተደረገ፣ ዳባት ያለው ቢጠፋ የሚፈለግበት ሁለት ቦታ በራሱ በደብዳቤው ተነግሯል ማለት ነው። ደብዳቤው ራሱ ከሌለም የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ጉዳዩን ይይዛል። እንዲህ ያለውን የሚያውቁት የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ጡረታ የወጡትን ፈልጎ ማነጋገር ከብዙ ድካም ያድናል።

ሌላው ሰው የሚስተው ስም ነው። ዛሬ ሰሜን ጎንደር የምንለው ትናንት ሰሜን ጎንደር አልነበረም። በንጉሡ ዘመን በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ በደርግ ጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ፣ በኋላ የሰሜን ጎንደር ዞን ተባለ፣ እሱም ማእከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ተብሎ ለሦስት ተከፈለ፤ መቀመጫዎቹም ጎንደር፣ ደባርቅና ገንዳ ውሃ ናቸው። የደባርቅን የ1955 ዓ.ም. ጉዳይ በዛሬው የዞን ስም የጠየቀ «የለም» ይባላል። በስሜን አውራጃ ስም የጠየቀ ሊያገኘው ይችላል።

ተረት፦ የመንግሥት ሰነድ ምስጢር ነው፤ ተራ ሰው አያየውም።

ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት መዝገቦችን የመሰብሰብና ለተመራማሪ የማቅረብ ሥልጣን አለው። ከሚማሩበት ወይም ከሚሠሩበት ተቋም የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ መሄድ ነገሩን ያቀላል። በመሥሪያ ቤት እጅ ላለ መረጃ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ በአዋጁ ጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ መልስ የማግኘት መብት አለው። አዋጁ የማይሰጡትን የመረጃ ዓይነቶች ለይቶ አስቀምጧል፤ ከዚያ ውጭ የሆነውን «አይሰጥም» ማለት የሠራተኛው ፈቃድ ጉዳይ አይደለም።

ተረት፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቤተ መጻሕፍት የፕሬዚዳንቱ መጻሕፍት የተደረደሩበት ነው።

ስለ አገራችን የሚናገር ሰነድ አሜሪካም ይገኛል፤ ውጭ ያለው ዘመዳችን ይህን ቢያውቅ ይጠቅመናል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቤተ መጻሕፍት በዋናነት ቤተ መዛግብት ናቸው፤ የዋይት ሀውስ ማስታወሻ፣ ቴሌግራምና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በየሳጥኑ ይቀመጥባቸዋል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ በየካቲት 1937 ዓ.ም. ግብፅ ላይ በመርከብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያነጋገሩት፣ የመጀመሪያውን ሃይድ ፓርክ ላይ አቋቋሙ። የኬኔዲ ቦስተን፣ የጆንሰን ኦስቲን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አትላንታ የካርተር ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የኦጋዴን ጦርነት በካርተር ዘመን ስለዋለ፣ በዋይት ሀውስ የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት የአፍሪካ ቀንድን ይከታተሉ የነበሩት ፖል ሄንዝ የሠሩት ሥራ ዱካው እዚያ ነው።

ሁሉም ክፍት ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ከሬጋን ጀምሮ ያለውን የፕሬዚዳንት ወረቀት የመንግሥት ንብረት አደረገው፤ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ከወረዱ ከአምስት ዓመት በኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ የተወሰነው እስከ 12 ዓመት ይዘጋል። የካርተር ወረቀቶች በስጦታ የተሰጡ ናቸው። ምስጢርነቱ ያልተነሣለት ሰነድ ከፎልደሩ ተነሥቶ በምትኩ አንድ ቅጽ ይገባል፤ ቅጹ ላይ የሰነዱ ዓይነት፣ ቀንና የተነሣበት ምክንያት ተጽፏል። ያ ቅጽ መጨረሻ አይደለም፤ እንዲታይልኝ ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲቋቋም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ ነበሩበት። የዚህ ሥራ የአሜሪካ ወገን ወረቀት በዋናነት የሚፈለገው በፕሬዚዳንት ቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ፋይል በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ዋይት ሀውስ የጻፈው በቤተ መጻሕፍቱ፣ መሥሪያ ቤት የጻፈው በብሔራዊው።

ተረት፦ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ።

የተወሰነ አለ፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ አንዳንድ የኢትዮጵያ ብራናዎቹን ፎቶ አንሥቷል፣ በሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉት። ያ ሥራ ግን በአብዛኛው ሸዋንና ወሎን የዳሰሰ ነው፤ ጎንደር ብዙ አልተነካም። የዞንና የወረዳ ፋይል ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አይገኝም።

ተረት፦ የስሜን ፓርክ ወሰን የሚታወቀው በአፍ ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 59 ሲቋቋም በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። ጋዜጣው ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይወጣል፤ የቆዩት እትሞች በየሕግ ቤተ መጻሕፍቱ አሉ። ወሰኑ በኋላ ተለውጧል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ስለነበረ የዩኔስኮ ኮሚቴ በየጊዜው ያወጣው ሪፖርት በግልጽ ይገኛል። በፓርኩ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ተነሥቶ ደባርቅ የሰፈረ ሰው ስለ ቀድሞ ይዞታው ሲከራከር ከሽማግሌ ቃል ጋር ይህንም ማቅረብ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያስጨንቀኝ የነደደው አይደለም፤ አሁን እየጠፋ ያለው ነው። ቢሮ ሲዛወር፣ ዞን ሲከፈል፣ ጦርነት ሲመጣ በየወረዳው ጓዳ ያለ ፋይል ሜዳ ላይ ይጣላል። የመንግሥት መዝገብ ያለ ወመዘክር ፈቃድ አይወገድም። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጭልጋ፣ ጎንደር ያላችሁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ቁም ሣጥን ከማስወጣታችሁ በፊት ወደ ወመዘክር ጻፉ፤ የደብር አስተዳዳሪዎችም የወንጌሉን መጀመሪያና መጨረሻ ገጾች፣ ጽሑፍ ያለበትን ሕዳግ ሁሉ፣ ፎቶ አስነሥታችሁ አንድ ቅጂ በሀገረ ስብከት፣ አንድ ቅጂ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አስቀምጡ።